ከድልድዩ በታች

ኅዳር 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ሞተሮቹ በሙሉ ተከራይተው ወጥተዋል። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ገበሬዎች በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ግማሾቹን በባዶ እጃቸው ሸኘኋቸው። እንዲህ ያለ ኅዳር አይቼ አላውቅም።

ምክንያቱ ግን የሚያስደስት አይደለም። ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጥሎን ሄደ። ሩዙ እንደቆመ ገለባ ሆነ። ራዲዮኑ «ኤልኒኖ» ይላል። ገበሬው «ያ ኤሊኖ የሚሉት ሰውዬ» እያለ ይቀልዳል፤ ሳቁ ግን ቶሎ ይጠፋል። ሩዝ ያጣ ሰው የቀረው ሽንኩርት ነው። የበጋ ሽንኩርት ደግሞ ከወንዝ ውሃ የሚስብ ሞተር ይፈልጋል። ሞተር ያለን እኛ ነን። አስማረ ይጠግናል፣ እኔ አከራያለሁ። ከደሴ ሒሳብ ላስተምር መጥቼ፣ መካኒክ አግብቼ፣ ወረታ ላይ የሞተር ነጋዴ ሆኜ ቀረሁ።

እራት ላይ አስማረ «ወንዙ ዘንድሮ ቶሎ ቀጠነ» አለኝ።

«ሰማዩ ነዋ» አልኩት።

ጎረሰ።

ታኅሣሥ 3

ከፈድሉ አዳዲስ ሞተሮች ገዛሁ። ሱቁ ከእኛ ሱቅ ማዶ ነው፤ ሞተርና መለዋወጫ ይሸጣል፣ እሱም እንደኛ ያከራያል። ቤት እንሠራበታለን ብለን ያስቀመጥነው አለቀ። አስማረ «ቆይ እስቲ፣ እስከ ጥር እንየው» ብሎኝ ነበር።

«ዘንድሮ ካልገዛሽ መቼ ልትገዢ ነው?» አለኝ ፈድሉ።

እውነቱን ነው። ዝናቡ ወትሮ በሚመጣበት ሰዓት የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የኛ ሥራ ለማን ይጠቅም ነበር? ዓመት ዓመትን እየመሰለ አይደለም። አንዴ ጎርፍ፣ አንዴ ድርቅ። ነጋዴ ሰው ከሰማዩ ጋር ሊጣላ አይችልም፤ ሰማዩ ያመጣውን ይዞ መሥራት ነው።

ይህን ስጽፍ ለማን እንደማስረዳ አላውቅም።

ታኅሣሥ 19

ዘመነ ከቁሐር ሚካኤል መጣ። የአስማረ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከእናታቸው ጋር ዋናው መንገድ ወንዙን ከሚሻገርበት ድልድይ በታች ያርሳል፣ ከብት ያረባል። ሲመጣ ቅቤ ወይም እርጎ ሳይዝ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ እጁ ባዶ ነው። አፍሮ ይመስለኛል፣ ወንበር ስሰጠው ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ውሃው ድልድዩን አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ ልጅ የሸናው ይመስላል» አለኝ። «ከብቱ ተራ ይዞ ነው የሚጠጣ።»

«ክረምቱ እንዲያ ሆኖ ምን ይደረግ፣ አያ ዘመነ?»

«አይ፣ ክረምቱስ ክረምት ነው።»

ሻዩን ጠጣ። ሲወጣ በመጋዘኑ በር አጠገብ ቆሞ አዲሶቹን ሞተሮች አያቸው።

«እነዚህ ሁሉ ይጠጣሉ?» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ጥር 5

ቤንዚን የለም። ጎንደር ድረስ ሰው ላክን። አንድ ሞተር ተቃጠለ። አስማረ ቆሞ ነው ምሳ የበላው። ጀርባዬን ያመኛል።

ጥር 20፣ ባሕር ዳር

ለሥልጠና ተጠርቼ ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ዋልኩ። «የግሉ ዘርፍና የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሩዝ ፈልፋይ አለ፣ ዶሮ አርቢ አለ፣ የጀልባ ባለቤት አለ። አሠልጣኙ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ደግ ልጅ። ቀይና አረንጓዴ ወረቀት አደለን። «ቀዩ ላይ ለሥራችሁ አደጋ የሚሆነውን፣ አረንጓዴው ላይ ዕድል የሚሆነውን ጻፉ» አለን።

ቀዩ ላይ «የዝናብ መቅረት» ብዬ ጻፍኩ። አረንጓዴውም ላይ «የዝናብ መቅረት» ብዬ ጻፍኩ።

አሠልጣኙ ሁለቱንም ወረቀቶቼን ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ። «አያችሁ! አደጋውን ወደ ዕድል የለወጠች ነጋዴ ማለት ይህች ናት!» አለ። አጨበጨቡልኝ። ሳላፍር አልቀረሁም፣ ግን ደስ ብሎኛል። መምህርነቴን ከለቀቅኩ ወዲህ ያጨበጨበልኝ ሰው የለም።

ምሳ ላይ ከጎኔ የተቀመጠችው ንግሥቲ ትባላለች። ሐሙሲት ላይ ከገበሬ ወተት እየሰበሰበች ባሕር ዳር ትልካለች። ወተቱ በግማሽ ቀንሶባታል።

«እኔ አረንጓዴው ላይ የምጽፈው አጣሁ» አለችኝ። ቀጥላ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «ለመሆኑ ያንቺ ሞተር የሚስበው ውሃ፣ ሞተሩ ሳይመጣ የት ይሄድ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ወደ ጣና ነዋ።»

«መንገድ ላይስ?»

ወጡ ጥሩ ነበር። አልበላሁትም።

የካቲት 4

ወንዙ እጅግ ወርዷል። ቱቦው አየር ይስባል፤ ሞተሩ ያጓራል እንጂ ውሃ አይተፋም። ንብረት ገና ሳይነጋ በር መታ። ከድልድዩ በላይ ካሉት ደንበኞቻችን ብዙ ሽንኩርት የተከለው እሱ ነው። ከሩዙ የሚበላ አላገኘም። ልጆቹን የሚያበላው ይህ ሽንኩርት ብቻ ነው።

«ምን ተሻለ፣ ሙናዬ? በዚህ ሳምንት ካልጠጣ አለቀለት።»

«ጆንያ አሸዋ ሞልታችሁ ወንዙን ለምን አትዘጉትም? ውሃው ሲጠራቀም ቱቦው ይጠልቃል» አልኩት።

ሐሳቡ ድንገት ነው የመጣልኝ። ባዶ ጆንያዎችን ከመጋዘናችን አውጥቼ ሰጠሁት። እጄን ይዞ መረቀኝ።

አስማረ ከመኪና ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። «ታች ያሉትስ?» አለኝ።

«ሲሞላ በላዩ አልፎ ይሄዳል።»

«መቼ ነው የሚሞላ?»

ደንበኛ መጣብኝና ወደ እሱ ሄድኩ።

የካቲት 6

ግድቡ ያዘ። ሞተሮቹ ይሠራሉ። ደክሞኛል።

የካቲት 19

የአማቴ ላም ሞተች።

ወንዙ ቁሐር ሳይደርስ ስለቆመ ከብቱን ጣና ዳር ድረስ እየነዱ ነው የሚያጠጡት። ሐይቁም ሸሽቷል፤ በሐይቁ ፈንታ የቀረው ረግረግ ነው። ላሟ ቦራ ውሃ ሸትቷት ገባች። እስከ ሆዷ ሰመጠች። ሰው ተጠራርቶ በገመድ ሲስባት ዋለ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አንገቷን ጣለች። አማቴ እማማ ታይቱ ጭቃው ዳር ተቀምጠው በስሟ ሲጠሯት ነበር አሉ።

አስማረ ከቀብር እንደተመለሰ ሰው ሆኖ ገባ። ጭቃው ጉልበቱ ድረስ ደርቆበታል።

«ወንዙ ውሃ ቢኖረው እዚያ አትሄድም ነበር» አለኝ።

«ዝናቡ ቢዘንብ በለው እንጂ!» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። «እኔ ነኝ እንዴ ሰማዩን የያዝኩት?»

ልብሱን አጠብኩለት። ጭቃው አልለቅ ብሎ ደጋግሞ ውሃ አስቀየረኝ። የባልዲው ውሃ ሲደፋ አየሁትና ደነገጥኩ። ለምን እንደደነገጥኩ አላውቅም።

መጋቢት 2

ጠብ ተነሣ። ከቁሐር የመጡ ሰዎች ጆንያዎቹን ሊያነሡ ወንዙ ውስጥ ገቡ። የላይኞቹ ወጡ። ድንጋይ፣ ዱላ። ንብረት በአካፋ እጀታ መታ። የመታው ዘመነን ነው። ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። ፖሊስ መጥቶ በተናቸው።

አስማረ ሱቁን ጥሎ ሄደ።

መጋቢት 4

ዘመነን ጤና ጣቢያ ሄጄ አየሁት። ክንዱን አሥረውለታል። ፊቱ ከስቷል። አስማረ አጠገቡ ነበር፤ ስገባ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ።

«ንብረትን አትክሰሱት» አለኝ ዘመነ። «ልጆች አሉት። እኔም እሱን ብሆን እመታ ነበር።»

ብርቱካን ላጥኩለት።

«ጆንያውን ግን አወቅሁት» አለኝ ቀስ ብሎ። «የአስማረ ጽሕፈት አለበት፤ የሱቃችሁ ስም።»

«ጆንያ እኮ የትም ይዞራል» አልኩት።

«ይዞራል» አለ። ብርቱካኑን ተቀብሎ ሳይበላ ያዘው።

መጋቢት 7

አስማረ ወንድሙን ሊያስታምም ቁሐር አደረ። ብቻዬን ሆኜ ሱቁም ቤቱም ሰፋብኝ። እዚህ አገር ካገባሁ ጀምሮ «የአስማረ ሚስት» ነኝ። ገበያ ላይ ዛሬ አንዲት ሴት ለሌላዋ «ያቺ የሞተሯ ሴት» ስትላት ሰማሁ። ዞር ስል ሁለቱም ድንች መምረጥ ጀመሩ።

መጋቢት 8

ሌባ! ወንዙ ዳር ካሉት ሞተሮች የሦስቱ ካርቡሬተር ሌሊት ተወስዷል፤ ያለ እሱ ሞተሩ አይነሣም። ዘበኞቹ አላየንም ይላሉ። የሚገርመኝ ሌባው ብሎኖቹን መልሶ አሥሯቸዋል። የትኛው ሌባ ነው ብሎን መልሶ የሚያሥር?

«ሙያ ያለው ነው» አለ ንብረት፤ ሊያነጋግረን የመጣው አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ከቁሐር የተመለሰው አስማረ ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን አያቸው። በጣቱ ዘይቱን ጠረገ።

መጋቢት 10

የቀሩትም ተወሰዱ። የመጋዘኑም ሳይቀር። ቁልፉ አልተሰበረም። ሳልቆልፈው ረስቼ ይሆናል። ሰሞኑን ራሴን አላምንም።

መጋቢት 14

ከኛ አንድም ሞተር አይሠራም፤ የፈድሉ ኪራዮች ደግሞ ሁሉም ተይዘዋል። ፈድሉ ዘንድ ሄጄ ካርቡሬተር ጠየቅኩት። «የለኝም» አለኝ። መደርደሪያው ላይ ሳጥኖቹን አያለሁ። ዓይኔን ተከትሎ አያቸውና አፈረ።

«ሙናዬ፣ እባክሽ ከኔ አትግዢ። መጀመሪያ ከባልሽ ጋር ተነጋገሪ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለና ወዳልጠራው ደንበኛ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ንብረት መጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከሽንኩርቱ አንድ ነቅሎ ይዞ መጥቷል፤ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ ራሱ ገና የነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ ያክላል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ሰው መታሁበት፣ ሙናዬ። ለዚህ ብዬ ሰው መታሁበት» አለኝ።

ከሄደ በኋላም ሽንኩርቷን አላነሣኋትም።

መጋቢት 15

ዛሬ በእግሬ ወደ ታች ወረድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ድልድዩ ጋ ከመንገዱ ወጥቼ ወንዙን ተከትዬ ሄድኩ። ተከትዬ ስል፣ የሚከተሉት ነገር ስላለ አይደለም። ወንዙ መንገድ ሆኗል። አሸዋው ላይ የፍየል ኮቴ፣ የሞተ ዓሣ ቅርፊት። ዳርና ዳሩ ላይ ጥቁሩ የዋልካ መሬት እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ ከድልድዩ ላይ ሆኜ በመኪና መስኮት ነበር የማየው።

እማማ ታይቱን ወንዙ ውስጥ አገኘኋቸው። ተንበርክከው በጣሳ አሸዋ ይጭራሉ። ጉድጓዱ እጃቸውን እስከ ትከሻ ይውጣል፤ ከታች ትንሽ ውሃ አቁሯል። ሲያዩኝ አልደነገጡም።

«መጣሽ፣ ልጄ? ነይ፣ ጠጪ» አሉኝ።

«እማማ፣ ለራስዎ ይሁን።»

«እንግዳ ጠምቶት አይሄድም።»

ጠጣሁ። አሸዋ አሸዋ ይላል። እንስራቸውን ይዤ ቤት ድረስ ሸኘኋቸው። እግረ መንገዳቸውን ስለ ቦራ አወሩኝ፤ እንዴት እንደምትታለብ፣ ልጅ ቢስባት እንኳ እንደማትራገጥ። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ግን በየቃሉ መካከል እየጠበቅኩት ነበር።

ቤት ስንገባ ጥግ ላይ ወዳለው የእህል ጎታ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ልጄ አንድ ማዳበሪያ ብረት አምጥቶ እዚያ ውስጥ ከቶ ሄደ። እህል ቢኖርበት ኖሮ የት ያደርገው ነበር?»

ክዳኑን አነሣሁ። ካርቡሬተሮቹ እያንዳንዳቸው በጨርቅ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ጨርቁ የኔ አሮጌ ነጠላ ነው።

መልሼ ከደንኩት። ሳውቅ የኖርኩ ይመስለኛል። ብሎኑ በትክክል ታሥሮ ካየሁበት ጠዋት ጀምሮ።

መጋቢት 16

«ጎታውን አየሁት» አልኩት አስማረን።

መፍቻ ይዞ ነበር። አስቀመጠው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ» አለ። «ወንዙ ሲቀጥን ነገርኩሽ። ጆንያውን ስትሰጪ ነገርኩሽ። ላሟ ስትሞት ነገርኩሽ። አንቺ ሰማዩ ነው አልሽ።»

«ሰማዩም እኮ ነው!»

«ነው። ግን ሰማዩን መፍታት አልችልም። የምፈታው ሞተር ብቻ ነው።»

ተናደድኩ። ጥፋቴን ስለነገረኝ ይሁን ስለዋሸኝ ለይቼ አላውቀውም። «ንብረትስ?» አልኩት። «አንተ ሌሊት ፈትተህ ስትወስድ የሱ ልጆች ምን እንደሚበሉ አሰብክ?»

«አላሰብኩም» አለ። ፊቱ ተለወጠ። «የዘመነ ክንድ ነበር የሚታየኝ።»

ከዚያ በላይ አልተጨቃጨቅንም። ለመጨቃጨቅም ጉልበት ያስፈልጋል። ስንተኛ ጀርባ ለጀርባ ነበርን፤ ግን ተኝቷል ብዬ ሳስብ፣ «ሙናዬ፣ ብሰጥሽስ ምን ልታደርጊ ነው?» ሲል ሰማሁት።

ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሞተሮቹ ቢሠሩ ከታች ያለው ያልቃል። ቢቆሙ ከላይ ያለው። እኔ ደግሞ ያለኝን ሁሉ ብረት ላይ አፍስሻለሁ። አረንጓዴው ወረቀት ላይ የጻፍኩት ትዝ አለኝና በጨለማ ውስጥ ፊቴ ጋለ።

መጋቢት 25

ላይኞቹንና ታችኞቹን ለማስታረቅ የተጠራው ስብሰባ ድልድዩ ሥር ሆነ፤ ውሃ በነበረበት አሸዋ ላይ። የላይኞቹ በአንድ ወገን፣ የታችኞቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ። በመካከል የቁሐሩ ቄስ ይርዳው። ዘመነ ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ። ንብረት ሲያየው ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ ተናገረ። ከላይ፣ «መሬታችን ወንዝ ዳር የተፈጠረው በኛ ጥፋት ነው እንዴ?» አሉ። ከታች፣ «ወንዝ ባለቤት አለው እንዴ?» አሉ። ፀሐዩ በረታ። ቄስ ይርዳው ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

ተነሣሁ። ብዙ ዓመት ልጆች ፊት ቆሜ አስተምሬአለሁ፤ እንደ ዛሬ ፈርቼ አላውቅም።

«ወንዙን በጆንያ ዝጉት ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጆንያውንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ንብረት ከራሱ አላመጣውም።»

ከታች በኩል ጉምጉምታ ተነሣ። ዘመነን አላየሁትም፤ ማየት አልቻልኩም። ቀጠልኩ። ጆንያዎቹ ይነሡ። ወንዙ በተራ ይሁን፤ ሁለት ቀን ለላይ፣ ሁለት ቀን ለታች። በታችኞቹ ቀን ሞተሮቹ ዝም ይበሉ። «ተራውን ያልጠበቀ ሰው ከኔ ሞተር አያገኝም።»

«ከሌላ እናገኛለና!» አለ አንዱ ከላይ በኩል።

ሁሉም ፈድሉን አየው። ፈድሉ ከዳር ቆሞ በወረቀት ራሱን ያራግብ ነበር። ማራገቡን አቆመ።

«ከኔም አያገኝም» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ መጥቶ በጆሮዬ፣ «እንግዲህ ተያይዘን እንከስራለን፣ እህቴ» አለኝ።

መጋቢት 28

አስማረ ካርቡሬተሮቹን መልሶ ገጠማቸው። ከነጠላዬ ቅዳጅ አንድ በአንድ እየፈታ። እኔ ብሎን አቀብለው ነበር።

ማታ ዘመነ ደወለ። «ውሃው ደረሰ!» አለ።

«ምን ያህል?»

«ቁርጭምጭሚት ይነካል። ከብቱ ገብቶ ቆሞበታል፤ ጠጥቶም አልወጣ አለን።»

ስልኩን ለአስማረ ሰጠሁትና ወጥቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ 9

ተራው ይጠበቃል፣ ይጣሳል፣ ደግሞ ይጠበቃል። ትናንት ሁለት ሰዎች በታችኞቹ ቀን ሞተር አስነሥተው ሄጄ ወሰድኩባቸው። አንደኛው ሰደበኝ። ከወንዙ ራቅ ያለው ሽንኩርት በሙሉ ደርቋል። የንብረት ግማሹ ተረፈ፤ ያም ኮስሷል። ለዘመነ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠይቋል፤ ዘመነም «እሺ» ብሏል። ግን እስካሁን አልተያዩም።

አዲሶቹን ሞተሮች ለይፋግ ሰዎች ሸጥናቸው። እዚያም ወንዝ አለ። ይህን ላለማሰብ ሞከርኩ። መሸጣችንን ስጨርስ ግን ለገዢው፣ «ከእናንተ በታች ማን አለ?» አልኩት። ሰውዬው እብድ ናት ሳይለኝ አልቀረም።

ሚያዝያ 17

ንብረት ባሕር ዳር ለቀን ሥራ ሄደ። ድንጋይ ይሸከማል አሉ። ለፋሲካ እንኳ አልቆየም።

ሚያዝያ 26

ፋሲካን ቁሐር ዋልን። በግ አልታረደም፤ ዶሮ ነበረ። እማማ ታይቱ ትልቁን ሥጋ ለኔ አወጡልኝ። ለምን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ይሁን ወይ እንግዳነቴ እስካሁን አለማለቁ።

ከምሳ በኋላ ወንድማማቾቹ አሸዋው ላይ የተጫረውን ጉድጓድ ሊያዩ ወረዱ። አስማረ ሲመለስ ዓይኑ ሌላ ሆኗል።

«ውሃው እኮ አለ» አለኝ። «ወንዙ ደርቆ ከሥሩ አለ። በዚህ ሜዳ ከዋልካው በታች የትም ቢወርዱ ያለ ይመስለኛል። ሰው በየማሳው ጉድጓድ ቢኖረው ወንዙን ማን ይነካዋል?»

«እሱስ አያልቅም?»

አሰበ። «ክረምት ካልሞላው ያልቃል። እየሞላው እንደሆነ በገመድ እየለካን እናያለን። የቀነሰ ዕለት እናቆማለን።»

ከጥር ወዲህ በሥራችን ላይ የሰማሁት የመጀመሪያው ጤነኛ ነገር ይህ ነው። «ዕድል» ብዬ ግን አልጠራሁትም።

ግንቦት 8

አስማረ የመኪና ባሌስትራ ብረት ቀጥቅጦ፣ ቧንቧ በብየዳ አያይዞ፣ በእጅ የሚዞር የጉድጓድ መሰርሰሪያ ሠራ። ሱቃችን ደጃፍ ላይ ሞከርነው። ፈድሉ መጥቶ ዙሪያውን ዞረና፣ «ይህን ደግሞ ማን ይከራየዋል?» አለ። ማንም እንደማይጠይቀን ሁለታችንም አውቀናል። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ሲዘንብ ድርቁን የሚያስታውስ የለም።

ግንቦት 14

ይታይሽ መጣች፣ የንብረት ሚስት። ጨቅላዋን አዝላለች። የበርበሬ ችግኝ አፍልታለች፤ ውሃ ከወንዝ በእንስራ እየቀዳች ታጠጣለች።

«ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ አሉ» አለችኝ። «ከኛ ማሳ ጀምሩ። እኔም አዞራለሁ።»

«ንብረት ሳይኖር?»

«ንብረት ሲመጣ ምን ይጠብቀው? የደረቀ ሽንኩርት?»

የመጀመሪያዋ ደንበኛችን እሷ ሆነች። ለአስማረ ስነግረው፣ «ዘመነን እጠራዋለሁ፤ መሬቱን እሱ ነው የሚያውቀው» አለ። የንብረት ማሳ መሆኑን አስታወስኩት። «ነግሬዋለሁ። እመጣለሁ ብሏል» አለኝ።

ግንቦት 21

ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ዋልካው መሰርሰሪያውን አንቆ ይይዘዋል፤ ስናወጣው የከበደን ጭቃ በእጃችን እንፍቃለን፣ እንደገና እናወርዳለን። አስማረ፣ ይታይሽና እኔ እንፈራረቃለን። ዘመነ ቀኝ ክንዱ ገና አይዘረጋም፤ በግራ እጁና በደረቱ እየገፋ ያዞራል። ተው ብንለው እምቢ አለ።

ረፋድ ላይ ንብረት ከመንገዱ በኩል ሲመጣ አየነው። ጥቅልል ልብስ ተሸክሟል። ከስቷል፣ ጠቁሯል። ይታይሽ ስሙን ጠራችው። ማሳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ዘመነን ያያል። ዘመነም አየው፤ ማዞሩን ግን አላቆመም።

ንብረት ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። መጣና በዘመነ ትይዩ የእጀታውን ሌላ ጫፍ ያዘ። አስማረ ለቀቀለት። ሁለቱ ፊት ለፊት ሆነው ዞሩ። ሲዞሩ አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስባል። ከመሰርሰሪያው ድምፅና ከትንፋሻቸው በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ የሚወጣው ጭቃ ጠጠር ቀላቀለ። ቀጥሎ ረጠበ። ቀጥሎ ብረቱ ሲወጣ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። ይታይሽ እልል ልትል አፏን ከፈተችና እጇን ጫነችበት፤ ያመነች አልመሰለችም። አስማረ ጠባብ መቅጃ በገመድ አወረደ፣ ሳበ፣ ጣሳ ላይ ገለበጠው። ይታይሽ ጣሳውን ለባሏ ሰጠችው።

ንብረት ተቀብሎ ቆመ። ከዚያ ወደ ዘመነ ዘረጋው።

«ቅደም» አለው።

ዘመነ በግራ እጁ ተቀብሎ ውስጡን አየ። ውሃው ጥቁር ነበር።

«ገና ደፍርሷል» አለው። «ይጥለል።»

ጣሳውን መካከላቸው መሬት ላይ አስቀመጠ። እስኪጠልል ድረስ ሁለቱም አጠገቡ ተቀመጡ።

እጄ ውሃ ቋጥሯል። ብዕሩ ያቃጥለኛል። ነገ የይታይሽ ጎረቤት ማሳ ነው፤ ማለዳ ጀምሩ ብለውናል።